የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ሲያመረቅዝ፦ መቼ ነው መከፈት ያለበት?

ትኩሳት፣ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ሕመም። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ስም «የወፍ በሽታ» ነው። ከዚያ የባህል መድኃኒት ይፈለጋል፣ ወይም ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ተገዝቶ ሁለት ሦስት ቀን ይታያል። አንዳንዴ እውነትም የጉበት ቫይረስ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚወስደው ቱቦ ተዘግቷል፣ የተጠራቀመው ሐሞትም አመርቅዟል። ሐኪሞች አኪዩት ኮላንጃይተስ ይሉታል። ይሄኛው በሽታ ሁለት ሦስት ቀን ላይሰጥ ይችላል።

ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት አንድ ጥያቄ ነው። ቱቦው መቼ ይከፈት? ዛሬ ማታ ነው? ነገ ጠዋት? ወይስ አንቲባዮቲኩ ተሞክሮ ካልሠራ? በዓለም ላይ ያሉ የሕክምና ማኅበራት ሰዓቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ጥያቄው የዋህ አይደለም። የእኔን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር። ሕመምተኛው ሾክ ውስጥ ከገባ፣ ማለትም የደም ግፊቱ ወርዶ የሰውነት ክፍሎቹ በቂ ደም ካላገኙ፣ ቱቦው በሰዓታት ውስጥ መፍሰስ፣ ማለትም የተጠራቀመው ሐሞት መውጣት አለበት፣ በተገኘው መንገድ፣ የሚቻል ከሆነም እዚያው ባለበት ሆስፒታል። ቱቦውን የዘጋውን ጠጠር ማውጣት ሌላ ቀን ይደርሳል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በጤነኛ ሰው ቱቦ ውስጥ ሐሞት የሚፈሰው በዝቅተኛ ግፊት ነው፣ ከ7 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ውሃ ገደማ። ባክቴሪያ ቢገባም ፍሰቱ ጠርጎ ወደ አንጀት ይወስደዋል። ቱቦው ሲዘጋ ጠራጊ የለም። ሐሞቱ ይቆማል፣ ባክቴሪያው ይራባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ከ25 አልፎ ወደ 30 ሲጠጋ በሐሞትና በደም መካከል ያለው አጥር ይላላና ባክቴሪያውም መርዙም ወደ ደም ሥር ይገፋሉ። ሕመምተኛው አልጋው እስኪነቃነቅ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ሐሞት ውስጥ የሚገቡት ጉበት አጣርቶ ሲያወጣቸው ነው። ቱቦው ሲዘጋ ይህ መንገድ በጣም ይዳከማል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይመታል፣ ምንጩ ጋ ግን እንደሚገባው አይደርስም። መግል የቋጠረ እብጠት ያየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ኪኒን ቢዋጥም መግሉ ካልወጣ አይሽርም። እዚህ ያለው ልዩነት መግሉ የተቋጠረው ቆዳ ሥር ሳይሆን ጉበት ውስጥ፣ በግፊት፣ ከደም ሥር አጠገብ መሆኑ ነው። ከባዱ ዓይነት ሳይፈስ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ዋናው የመዘጋት ምክንያት ከሐሞት ከረጢት ወርዶ ቱቦው ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠር ነው። የቆሽት ጫፍ ወይም የራሱ የቱቦው ካንሰርም ይዘጋዋል። ከዚህ በፊት የገባ ስቴንት (የሐሞት ቱቦው ክፍት እንዲሆን ውስጡ የሚቀመጥ ቀጭን ቧንቧ) ሲደፈንም እንዲሁ። በእኛ አገር ደግሞ ወስፋት መረሳት የለበትም፤ ከአንጀት ወደ ላይ ተስቦ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ አልትራሳውንድ ላይም አንዳንዴ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከውሻ የሚመጣው የጉበት ሃይዳቲድ ከረጢትም ቱቦ ውስጥ ሲፈነዳ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

ምልክቶቹን በተመለከተ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 ትኩሳት፣ ሕመምና ቢጫነት አብረው ሲመጡ ይህን በሽታ እንደሚያመለክቱ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሬይኖልድስና ዳርገን የተባሉ ሐኪሞች የንቃተ ሕሊና መዛባትንና ሾክን ጨመሩበት። የሻርኮ ሦስት ምልክቶች ዛሬም ይሠራሉ፤ ሦስቱም ካሉ በሽታው የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። ግን ሦስቱን አብሮ የሚያሳየው ከሕሙማኑ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። በተለይ አረጋውያን ያታልላሉ። እማማ ድንገት ቃላቸው ተቀላቅሎባቸው፣ ምግብ እምቢ ብለው፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ይመጣሉ፤ ሆዳቸው ሲነካ እንኳ ብዙም አይሉም። ቢጫነቱን ለማየት የዓይናቸውን ነጭ ክፍል በቀን ብርሃን ማየት ይጠይቃል።

ስለዚህ የቶኪዮ መመሪያ የሚባለው የዚህ በሽታ የሕክምና መመሪያ ተዘጋጀ፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከዚያ በ2013፣ ቀጥሎም በ2018። የኢንፌክሽን ምልክት፣ የሐሞት መዘጋት በደም ምርመራ፣ የሰፋ ቱቦ ወይም የዘጋው ነገር በምስል፤ እነዚህን አንድ ላይ ያያል። ከዚያ በሽታውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል።

ከባዱ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ቢያንስ አንድ የሰውነት ክፍል ሥራው ተዛብቷል ማለት ነው። የደም ግፊቱ ወርዶ እንደ ኖርኤፒነፍሪን ያለ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ያስፈለገው ሰው፣ ንቃቱ የደበዘዘ፣ ኦክስጅኑ የወረደ፣ ክሬቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) ከ2 ያለፈ፣ አይኤንአሩ (የደም መርጋት መለኪያው) ከ1.5 የበለጠ፣ ወይም ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ከ100 ሺህ በታች የወረደ። አንዱ ብቻ ይበቃል። መካከለኛው ደረጃ ከአምስት ነገሮች ሁለቱን ይጠይቃል፦ ነጭ የደም ሴል ከ12 ሺህ በላይ ወይም ከ4 ሺህ በታች፣ ትኩሳት 39 እና ከዚያ በላይ፣ ዕድሜ 75 እና ከዚያ በላይ፣ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) 5 እና ከዚያ በላይ፣ የወረደ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን)። ከእነዚህ ውጪ ያለው ቀላሉ ነው። አብዛኞቹ ምርመራዎች ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ አጠቃላይ ሆስፒታልም የሚሠሩ ናቸው። ደረጃውን ለማወቅ ኤምአርአይ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሰዓቱስ?

ለቀላሉ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ይሰጣል፣ ይታያል። አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ቱቦው ይፈሳል። መካከለኛው ሳይባባስ ቶሎ ይፈሳል። ከባዱ ደግሞ የደም ዝውውሩና ትንፋሹ እየተደገፈ በተቻለ ፍጥነት። የቶኪዮው መመሪያ የሚለው ይህን ነው፣ ለከባዱ የሰዓት ቁጥር አይቆርጥም። የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ወደ ውስጥ ገብቶ የማየትና የማከም) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥር አስቀመጠ፤ ሴፕቲክ ሾክ (ከኢንፌክሽን የመጣ ሾክ) ላለበት በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ለመካከለኛው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ፣ ለቀላሉ በቀጠሮ። የአሜሪካው ማኅበር በ2021 በአጠቃላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሁን አለ።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «ታዲያ የትኛው ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔ እንደማየው የሚጋጩ አይደሉም። 48 ሰዓት ለአብዛኛው ሕመምተኛ የተቀመጠ የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ሾክ ውስጥ ላለ ሰው ግን 48 ሰዓት ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው፤ ለእሱ የሚሠራው የ12 ሰዓቱ ነው። ችግር የሚፈጠረው «በሁለት ቀን ውስጥ ከሆነ ይበቃል» የሚለው አባባል ደረጃው ሳይለይ ለሁሉም ሲውል ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ማስረጃ ምን ያህል ጠንካራ ነው? ሁለት ጥናቶችን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከሆንግ ኮንግ የወጣው ከባድ ኮላንጃይተስ ያለባቸውን 82 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ 41ዱ በኢንዶስኮፒ ፈሰሰላቸው፣ 41ዱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በኢንዶስኮፒው በኩል 4 ሰው ሞተ፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል 13። ከዚያ ወዲህ ኢንዶስኮፒ ባለበት ቦታ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ቀረ። ይህ ጥናት ግን የመለሰው «በምን ይፈስ?» የሚለውን ነው። «መቼ?» የሚለውን አልመለሰም።

መቼ የሚለውን ከነኩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። በኮላንጃይተስ ምክንያት ሴፕቲክ ሾክ የገቡ 260 ሰዎችን መዝገብ መረመረ። 37 በመቶው ሞተዋል። ሾክ ከገቡ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ የፈሰሰላቸው ሰዎች የመሞት ዕድል በግልጽ ከፍ ያለ ነበር፤ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ የዘገየባቸውም እንዲሁ። የ12 ሰዓቱ ቁጥር የተወለደው በአየር ላይ አይደለም።

ግን ይህ መዝገብ የመመርመር ጥናት ነው፣ ዕጣ የለውም። ቶሎ የፈሰሰለት ሰው ለምን ቶሎ ፈሰሰለት? ምናልባት የተሻለ ሆስፒታል ስለገባ፣ ምናልባት ማደንዘዣውን የሚችል አቅም ስለነበረው። የዘገየው ደግሞ ለምን ዘገየ? ምናልባት በጣም ስለተዳከመ፣ ምናልባት ምርመራው መጀመሪያ ስለተሳተ። እነዚህን በስታቲስቲክስ ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። በሌላ በኩል ሾክ ውስጥ ያሉ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን «እናንተ ትንሽ ቆዩ» ማለት ማን ይደፍራል? ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው በዚህ ማስረጃና በበሽታው ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለእኔ ይበቃል። ግፊት ያለበት መግል በራሱ አይጠፋም።

መቸኮል ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። የኔዘርላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ትልቅ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። የሐሞት ጠጠር ቆሽታቸውን አስቆጥቶ ከባድ ይሆናል ተብሎ የተሰጋላቸው፣ ነገር ግን ኮላንጃይተስ የሌለባቸው 232 ሰዎች ነበሩ። ለግማሹ በ24 ሰዓት ውስጥ ቱቦው ተከፈተ፣ ግማሹ በጥንቃቄ ተጠበቀ። ሞትንና ከባድ ጉዳትን አንድ ላይ ሲቆጥሩት 38 በመቶ ከ44 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። ጠጠር ስላለ ብቻ በሌሊት መሮጥ አያስፈልግም ማለት ነው። የሚያስሮጠው ያመረቀዘ መዘጋት ነው። ኢንዶስኮፒው ራሱ ቆሽትን ሊያስቆጣ፣ ሊያደማ፣ ሊበሳ ይችላል፤ ቀላል ደረጃ ላይ ላለ ሰው በልምድ ካለው ቡድን ጋር ጠዋት መሠራቱ ከሌሊቱ ግርግር ይሻላል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። «መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይፈሳል» የሚል አባባል አለ። ትክክል ይመስላል። ሾክ ያለበትን ሰው ዝም ብሎ ማደንዘዣ መስጠት አደገኛ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ለባክቴሪያ ምርመራ ደም ተወስዶ አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ፈሳሽ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ይሰጣል፤ አማካይ የደም ግፊቱ 65 ካልደረሰ ኖርኤፒነፍሪን ይጀመራል። ሽንቱ ይለካል። ይህ ሁሉ ግን ሰውየውን ወደ ማፍሰሻው ለማድረስ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ማፍሰሱን የሚተካ አይደለም። ምንጩ እዚያው ግፊት ላይ እያለ ሰውየው ሙሉ በሙሉ እንዲረጋጋ መጠበቅ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፣ ጠዋት ሲነጋ ደግሞ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ይገኛል። ብዙዎቹ ሕሙማን የሚረጋጉት ከፈሰሰላቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። ፈሳሹ እየገባ ሳለ የሚያፈስሰው ሐኪም ይጠራ፣ ክፍሉ ይዘጋጅ፣ ቤተሰቡ ይፈርም።

አንድ ርካሽ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ፣ ቫይታሚን ኬ። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ ከምግብ በደንብ አይገባም፣ ደምም በቀላሉ አይረጋም። መርፌው ቀደም ብሎ ከተሰጠ የሚያፈስሰውን ሐኪም ከብዙ ጣጣ ያድነዋል። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አይኤንአሩ ተለክቶ ሥራው ሊሰረዝ ሲል ነው።

ሲፈስስ ምን ይደረጋል? ኢአርሲፒ የሚባለው ኢንዶስኮፒ በአፍ ገብቶ ሐሞት አንጀት ውስጥ ከሚፈስበት ቀዳዳ ይደርሳል። ከባድ ሕመምተኛ ላይ ብልሃቱ አጭር መሥራት ነው። ሽቦ አልፎ ሐሞቱ መጀመሪያ ይመጠጣል፣ የራጅ ቀለም በጣም ትንሽ ብቻ ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ቀለም መግፋት ራሱ ግፊት ጨምሮ ባክቴሪያውን ወደ ደም ያስገባል። ከዚያ ፕላስቲክ ስቴንት ወይም በአፍንጫ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ይቀመጣል። አለቀ። ደሙ በማይረጋ ሰው ላይ ቀዳዳውን መቁረጥ አያስፈልግም፣ ጠጠሩን ማሳደድም እንዲሁ። ቤተሰብ «ጠጠሩ አልወጣም» ሲባል ይደነግጣል፣ ሥራው የከሸፈ ይመስለዋል። አልከሸፈም። የዚያ ሌሊት ሥራ ማፍሰስ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ኢአርሲፒ በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ አበባ ባሉ ጥቂት ተቋማት ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር ከ700 በላይ። ሪፈር ተጽፎ፣ አምቡላንስ ተገኝቶ፣ አልጋ ተለምኖ፣ መንገዱ ተሄዶ፣ ከደረሱ በኋላ ምርመራው እንደገና ከዜሮ ተጀምሮ 12 ሰዓት የት ይደርሳል? ሾክ ያለበትን ሰው ቱቦው ሳይፈስ ይህን መንገድ ማስጓዝ ብዙ ጊዜ ሞቱን ወደ መንገድ ማዛወር ነው። ይህን የምለው ሪፈር የሚጽፉትን ለመውቀስ አይደለም፤ «ኢአርሲፒ የለንም» ማለት «ማፍሰስ አንችልም» ማለት እንዳልሆነ ለመናገር ነው።

ሌሎች መንገዶች አሉ። በአልትራሳውንድ እየታየ በቆዳና በጉበት በኩል መርፌ ወደ ሰፋው ቱቦ ገብቶ ቀጭን ማፍሰሻ ይቀመጣል፤ ሐሞቱ ወደ ውጪ ከረጢት ይወርዳል። የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ ደም የመርጋት ችግርም አስቀድሞ መስተካከል አለበት። የተዘጋው ከሐሞት ከረጢቱ መውጫ በታች ሆኖ ከረጢቱ ተወጥሮ ከታየ ደግሞ ከረጢቱን ራሱን በመርፌ ማፍሰስ አንዳንዴ መላውን ቱቦ ያስተነፍሳል። ይሄ አልጋው አጠገብ ሊሠራ የሚችል ነው፣ ስለዚህ ከሚገባው በታች የሚታሰብ ይመስለኛል።

እና ቀዶ ሕክምና። የሆንግ ኮንጉ ጥናት ቀዶ ሕክምናን ከኢንዶስኮፒ ጋር አወዳድሮ ዝቅ አደረገው፣ እውነት ነው። ግን ከአሥር ሰው ሰባቱ ገደማ ከቀዶ ሕክምናውም በሕይወት ወጥተዋል። ኢንዶስኮፒ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገኝ ትክክለኛው ውድድር ቀዶ ሕክምና ከመንገድ ጋር ነው። ቱቦውን ከፍቶ፣ መግሉን አውጥቶ፣ ቲ-ቱዩብ (ሐሞቱን ወደ ውጪ የሚያፈስ የቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ) አስቀምጦ መውጣት ለአጠቃላይ ቀዶ ሐኪም እንግዳ ሥራ አይደለም። ሁኔታው ከባድ ከሆነ የሐሞት ከረጢቱን ማውጣትና ሁሉንም ጠጠር መልቀም ይቆይ። ከዚያ ሰውየው ሲያገግም፣ ግፊቱ ያለ መድኃኒት ሲቆም፣ ሪፈሩ ያኔ ይጻፍ።

ባክቴሪያው መድኃኒት መልመዱም ይህን ጉዳይ ያጠነክረዋል። ኮላንጃይተስ የሚያመጡት በዋናነት ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ናቸው፤ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ሴፍትሪያክሶን ለሚባለው አንቲባዮቲክ የማይበገሩት ብዙ ናቸው። አንቲባዮቲኩ ላይ ያለን እምነት በቀነሰ ቁጥር ማፍሰሱ ላይ ያለው ሸክም ይጨምራል። ሲፈስ የሚገኘው ሐሞት ለባክቴሪያ ምርመራ ይላክ። ምንጩ በደንብ ከፈሰሰ ደግሞ አንቲባዮቲክ ከ4 እስከ 7 ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለሳምንታት መጎተት አያስፈልግም።

አልጋ አጠገብ ቆሞ ግራ ለገባው ቤተሰብ አንድ ነገር ልበል። ሐኪሙን በአክብሮት «ዶክተር፣ ቱቦው ተዘግቷል ወይ? ደረጃው ስንት ነው? ማን ነው የሚያፈስሰው፣ በስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። መልሱ «አንቲባዮቲክ ጀምረናል» ብቻ ከሆነና ሰውየው ግፊቱ ወርዶ፣ ሽንቱ ቀንሶ፣ መቀባዠር ከጀመረ ጥያቄውን ደግሙት። ሲኒየር ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ።

ከፈሰሰ በኋላ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠጠሩ ይቆይ ማለት ይቅር ማለት አይደለም። ሰውየው ሲያገግም ጠጠሩ መውጣት፣ የሐሞት ከረጢቱም ጠጠር ካለበት በተቻለ መጠን ቶሎ መውጣት አለበት። ፕላስቲክ ስቴንት በ3 ወር ገደማ መቀየር ወይም መውጣት ይኖርበታል፣ አለዚያ ራሱ ይደፈንና ያው በሽታ ይመለሳል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ወደ አገሩ ተመልሶ ስቴንቱን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው ደግሞ ቀጠሮው ገንዘብም ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ስቴንት መግባቱ፣ የሚወጣበት ቀን፣ የሚያወጣው ተቋም። ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን አብሮት ላለው ልጅ ወይም ወንድምም ይነገር፣ ስልኩ ላይ ቀኑን ይመዝግብ። ከዚያ ቀን በፊት ትኩሳት ወይም ቢጫነት ከተመለሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይመጣል።